ሆርሞን ያልነካው

"ሁለተኛውን ሆርሞን ወግቻታለሁ፤ ሦስተኛው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው" አለች ተለማማጇ ነርስ ለጓደኛዋ፣ በማዋለጃው ክፍል በር ላይ ቆማ። ጋዋኗ ገና ከፌስታል የወጣ ይመስል መታጠፊያው እንኳ አልለቀቀም። ከበሩ ቀጥሎ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አሻ የአጥሚት ፔርሙዝ ታቅፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተከደነ ዓይኗን ገና ልትከድን ስትል ነበር። "ሆርሞን" የሚለውን ቃል ስትሰማ እንቅልፏ በአንድ ጊዜ ረገፈ። አሻ ከሚሴ ገበያ ውስጥ የሀበሻ ዶሮና እንቁላል መሸጥ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት የኖረችውም ይህን ቃል ስትረግም ነው። "ሆርሞን ያልነካው! የምትበሉትን እወቁ!" እያለች ነው ደንበኛ የምትጠራው። የፈረንጅ ዶሮ በአርባ ቀን የሚደርሰው በሆርሞን ነው፤ ሥጋውን የበላ ወንድ ጡት ያበቅላል፣ ሴትም ፂም ታወጣለች ትላለች። ፂም ያወጣች ሴት እሷም አይታ አታውቅም፤ ነገር ግን ይህን በማለቷ እያንዳንዱ እንቁላል ከጎረቤቶቿ በሁለት ብር በልጦ ይሸጥላታል። አሁን ያ የምትረግመው ነገር በምራቷ ገላ ውስጥ ገብቷል፣ ያውም ሁለት ጊዜ።

ምራቷ ሪሀና ገና ሰባተኛ ወሯ ነው። ትናንት ከዓስር ሰላት በኋላ ልብስ ስታሰጣ ሆዷ እንደ ድንጋይ እየጠጠረ ይለቃት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም፤ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ጨብጣ ጎንበስ ስትል ያየቻት አሻ ናት። ሪሀና ድሮም ብዙ አትናገርም። በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ስትኖር በአማቶቿ ፊት ከሦስት ቃል የረዘመ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ "እሺ እማ"፣ "ደርሷል እማ"፣ "አልሐምዱሊላህ እማ" ነው። ባሏ አንዋር፣ የአሻ የበኩር ልጅ፣ በአይሱዙ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ሰመራ ወርዷል። ስልኩ አንዴ ሲጠራ አምስቴ ዝም ይላል። ስለዚህ ሆስፒታል ያደረሰቻትም፣ አጠገቧ ያደረችውም፣ አሁንም ከወንበሩ ተስፈንጥራ የተነሳችው አሻ ናት።

"ማነሽ አንቺ ልጅ፣ ምን ወጋኋት ነው ያልሽው?"

"የሳንባ መርፌ ነው እማማ" አለች ተለማማጇ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

"ሆርሞን ነው ያልሽው። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም።"

"አዎ፣ ሆርሞን ነገር ነው፤ ግን..." ብላ ልጅቷ ግኗን ሳትጨርስ ወደ ውስጥ ሮጠች። አዋላጇ ሲስተር ቤተልሄም ጓንቷን እንዳጠለቀች ብቅ አለች። ከኋላዋ አንዲት ሴት "ያረቢ! ያረቢ!" እያለች ታምጣለች። "እማማ አሻ፣ አብሽሩ፣ ለሕፃኑ የሚጠቅም መርፌ ነው። አሁን ልጅ እየመጣብኝ ነው፤ ስጨርስ ቁጭ ብዬ አስረዳዎታለሁ" አለችና በሩ ተዘጋ። አሻ ፊቷ ላይ ለተዘጋው በር "እኔ ሆርሞንን አውቀዋለሁ! አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው!" አለችው። ይህን እንዳለች ወዲያው በሻርፗ አፏን ያዘች። ማወቋ እውነት ነበር፤ ያወቀችበትን መንገድ ግን ከአላህና ከአንዲት ሴት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በመስኮቱ በኩል ሪሀና ከትራሷ ቀና ብላ ስታያት ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

አሻ ወደ ግቢው ወጥታ ባሏ ሙሄ ጋ ደወለች። ሙሄ የከብት ደላላ ነው። በጠዋቱ ከብት ተራ ውስጥ ስለነበር ስልኩን ሲያነሳ መጀመሪያ የመለሰላት በሬ ነው። "ምን? ሆርሞን? ለከብት ነው ለሰው?" እያለ ጮኸ። ሙሄ በዕድሜው ሙሉ የበሬ ጥርስ አይቶ ዕድሜውን፣ ኮቴውን አይቶ ጤናውን ሲናገር የኖረ ሰው ነው፤ ስለ ሰው ሕክምና ሲጠየቅም መልሱን የሚያመጣው ከዚያው ከበረቱ ነው። አንድ ነጋዴ በሬውን አንድ ነገር ወግቶ አደለበውና ገበያ ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳው የሚል ታሪክ ነበረው፤ እሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከላት። "ይቺን ልጅ ሊያደልቡብን ነው!" ብሎ ደመደመ። "ማታ ሳይደርስ ከዚያ ትወጣለች። ጨፋ አክስቴ ቤት እወስዳታለሁ፤ የአገሩን ልጅ ግማሹን ያዋለደች ሴት እያለችልን!" አሻ ስልኩን ስትዘጋ ልቧ ረካ። ከመርካቱ ሥር ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር የሆነች ነገር ነበረች፤ ምን እንደሆነች ለማየት ጊዜ አልነበራትም። ሰዒዳ የምትባል የጎረቤቷን ልጅ ሪሀና አጠገብ አስቀምጣ ወደ ገበያ ሄደች። ዶሮዎቹ ውሃ ሳይጠጡ ነው ያደሩት።

የአሻ መደብ ከበርበሬ ተራው ጫፍ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እግራቸው የታሰረ ስድስት ዶሮዎችና ጭድ ውስጥ የተደረደረ እንቁላል አላት፤ አንዱ እንቁላል ሃያ ሁለት ብር። ሰው ሰላም ሊላት ሲመጣ "አካም ቡልቴ አሻ?" ይላታል፤ እሷም "ነጋ"፣ ሰላም ነው፣ ብላ ልትመልስ ሲገባት "ምን ነጋ አለ! ምራቴን በሆርሞን እየወጉልኝ!" ማለት ጀመረች። የበርበሬዋ ነጋዴ ሰማች፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ጨው ሻጭ ሰማ፤ ከጨው ሻጩ የገዛች ሴት ይዛው ወደ አስፋልቱ ወጣች። አሻ ልብ ያላለችው አንድ ነገር ግን የሚሰሟት ደንበኞቿ መሆናቸውን ነው። ከዚህ በፊት ሆርሞንን ስትረግም በፈገግታ እንቁላል ያነሱ የነበሩ ሴቶች ዛሬ ግራ ገብቷቸው ያዩዋታል። አንዷ የመንግሥት ሠራተኛ የመሰለች ሴት፣ "እማማ፣ እኔም ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ አራቴ ተወግቻለሁ እኮ" አለቻት። አሻ አገጯን አተኩራ አየች። ፂም የለም። ሴትዮዋ አሥር እንቁላል ይዛ ሄደች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ለሪሀና የዘገየ ምሳዋን ልታደርስ፣ ገንፎዋን በሳህን ቋጥራ ባጃጅ ተሳፈረች። ሹፌሩ አደም ይባላል፤ ፂሙ ሽበት የጀመረው፣ ከመሪው ይልቅ በምላሱ የሚነዳ ሰው ነው። ገና ከመነሳታቸው፣ "ሰማሽ አይደል እህቴ የዛሬውን?" አላት።

"ምኑን?"

"ሆስፒታል ውስጥ ነዋ! አንዲት ሴት የሰባት ወር እርጉዝ ናት አሉ፤ ሆርሞን ወጓትና ልጁ በአንድ ሌሊት ስድስት ኪሎ ሆነ። ጥርስ አብቅሏል፤ ሆዷ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማል ይላሉ። እኔን ለአሥራ አንድ ሰዓት ኮንትራት ይዘውኛል፤ ወደ ጨፋ ልወስዳት ነው። ወላሂ ግን ፈርቻለሁ፤ መንገድ ላይ ቢወለድ እኔ ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ምን እለዋለሁ?"

አሻ ሳህኑን ጭኗ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ጠዋት በአንድ ቃል የጀመረችው ወሬ ነው ከሰዓት ጥርስ አብቅሎ የተመለሰላት። "ማፏጨቱን ማን ሰማ?" አለች በቀጭን ድምፅ። "አማቷ ራሷ!" አለ አደም። በመንገዱ ግራ በኩል የመድኃኒት ቤቱ አረንጓዴ በር ሲታይ አሻ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። "እዚህ ጋ አውርደኝ። ደግሞም ያቺ ሴት ምራቴ ናት፤ ፉጨትም አልሰማሁም።" አደም ፍሬኑን ሲይዝ ባጃጁ ባለበት ሁለቴ ዘለለ።

መድኃኒት ቤቱ የምንዳዬ ነው። ምንዳዬ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ሠላሳ ዓመት በጤና ጣቢያ ነርስነት የሠራች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። የአሻን ምስጢር የምታውቀው ያች አንዲት ሴትም እሷ ናት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የአሻ አምስተኛ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ በሰባት ወሯ ተወልዳ ነበር። ከንጋት እስከ ዓስር ሰላት ብቻ ቆየች። ትንሿ ደረቷ እንደ ወናፍ እየተሰረጎደ ሲነሳ አሻ ቁጭ ብላ አየች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ልጅ በዚያ መንገድ መጥቶ በዚያ መንገድ ሲሄድ ማየት አልፈለገችም። ሙሄ ግን ሌላ ልጅ ፈለገ። አሻ "ኢንሻአላህ" ትለዋለች፤ በየሦስት ወሩ ደግሞ "ባቲ ገበያ ልውረድ" ብላ ትወጣና በመንገዷ ምንዳዬ ጋ ጎራ ብላ ክንዷን ትሰጣለች። ምንዳዬ መርፌውን ስትወጋት "ሆርሞን ነው፣ እርግዝና ይከላከላል" ትላት ነበር። ስምንት ዓመት እንዲህ ሆነ። በዚያ ስምንት ዓመት ውስጥ አሻ ሁለት ዶሮ ብቻ ነው ከባቲ ያመጣችው።

"እትዬ ምንዳዬ" አለች አሻ ደረቷን ይዛ፣ "ለሪሀና ያንን የኔን መርፌ እየወጓት ነው! ልጁን ሊያስቀሩባት ነው!"

ምንዳዬ መነጽሯን አጠለቀች፣ ጥያቄ ጠየቀች፤ ስንት ወሯ ነው፣ ስንት ጊዜ ተወጋች፣ በስንት ሰዓት ልዩነት። ሲነገራት ሳቀች፤ ቀጥላም መሳቋን ትታ ወንበር ሳበችላት። "አሻ፣ ሆርሞን ማለት ከብት እንደማለት ነው። በሬም ከብት ነው፣ ፍየልም ከብት ነው። በሬ ልትጠምጂ ሄደሽ ፍየል ብታመጪ ባልሽ ምን ይልሻል? ያንቺ ሌላ ነው፣ የእሷ ሌላ። የሰባት ወር ልጅ ሳንባው እንደ አዲስ ፌስታል የተጣበቀ ነው፤ አየር ሲገባ አይከፈትለትም። እንዳይጣበቅ የሚያደርገውን ነገር ሰውነቱ የሚያዘጋጀው ኋላ ላይ፣ ቀኑ ሲደርስ ነው። መርፌው ያንን እንዲያስቸኩልለት ነው፤ በእናቲቱ በኩል ገብቶ ለልጁ ይደርሳል። አራት ጊዜ ነው፣ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ። ምጡ ካልቆመ ጊዜው ጠባብ ነው።"

"ይድናል ነው የምትዪኝ?"

"እሱን እግዜር ያውቃል፤ እኔ ዕድሉ ይሰፋል ነው የምልሽ። እኛ ጤና ጣቢያ በነበርንበት ጊዜ ይህን መርፌ የምንሰጥበት ዘመን አልነበረም። የምናደርገው ብርድ ልብስ መደረብ ነበር። ታውቂዋለሽ።"

አሻ ታውቀዋለች። ሁለቱም በበሩ የሚያልፈውን መኪና አዩ። ምንዳዬ ልታጽናናት ፈልጋ፣ "የዶሮውም ቢሆን እኮ ውሸት ነው፤ ዘሩ ነው እንጂ ሆርሞን አይሰጠውም" አለቻት። አሻ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች "እሱን ተይው፣ ገበያዬን አታበላሺብኝ" አለችና ተነሳች።

ሙሄ ስልክ አያነሳም። አሻ አራት ጊዜ ደወለችለት፤ አራቱንም ጊዜ በሬ ያሻሽጥ ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች። በእግሯ ሆስፒታል ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ የአደም ባጃጅ በሩ ላይ ቆሟል። ክፍሉ አራት አልጋ አለው፤ አራቱም ሞልቷል። ሙሄ በሪሀና አልጋ ግርጌ የከብት ዱላውን ይዞ፣ ከምራቱ ፊት ዓይኑን መልሶ ግድግዳውን እያየ ቆሟል። የሪሀና ልብሶች በፌስታል ተቋጥረዋል። ሲስተር ቤተልሄም ሁለት ልጅ አዋልዳ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ አንድ ወረቀት ይዛ ለሙሄ እያስረዳች ነው፤ ስለ ሳንባ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ አደጋው። ሙሄ እያንዳንዷን ቃል በጨዋነት ራሱን እየነቀነቀ ሰማትና ስትጨርስ፣ "አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ ተረድቻለሁ። ወረቀቱን ወዲህ በይ፣ ልፈርምና እንሂድ" አለ።

"አይ አባባ። ሕክምናዬን አቋርጬ ወጥቻለሁ ብላ የምትፈርመው እሷ ናት።"

"ማናት እሷ?" አለ ሙሄ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሴት እንዳለች ሁሉ ዙሪያውን እያየ።

"ሪሀና ናታ።"

ሙሄ ይህን አላሰበበትም ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና አሁንም ወደ ግድግዳው እያየ "እንግዲያ ፈርሚ ልጄ" አለ። ሪሀና ቁጭ አለች፤ ወረቀቱን ተቀብላ አንዴ አነበበችው፣ ከላይ ጀምራ ደገመችው። እስክሪብቶውን ግን ከፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ቀና ብላ ያየችው ሙሄን አይደለም፤ በሩ ላይ የቆመችውን አሻን ነው።

"እማ" አለች፣ "ጠዋት ሆርሞንን አውቀዋለሁ ሲሉ ሰምቻለሁ። ከየት ነው የሚያውቁት? የሚወጋው የኔ ገላ ነው፣ ልጁም ያለው እኔ ውስጥ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ግን ይወጋ አይወጋ ተብሎ ያልተጠየቀ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ባጃጅ ነጂው እንኳ ሐሳቡን ነግሮኛል። እርስዎ የሚያውቁትን ይንገሩኝ፤ ከዚያ እኔ እወስናለሁ።"

በሁለት ዓመት ውስጥ የተጠራቀመው ዝምታ በአንድ ጊዜ የወጣ ነው የሚመስለው። የሙሄ ዱላ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። አሻ ቀላል መልስ ነበራት፤ "ከዶሮ ነው የማውቀው" ማለት ትችላለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከዶሮ የመጣ ዕውቀት ሪሀናን ከዚህ አልጋ አስነስቶ ጨፋ ነው የሚወስዳት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይላል።

"ተወግቼው ነው" አለች አሻ።

"ምኑን?" አለ ሙሄ።

"ሆርሞን። የሦስት ወሩን መርፌ። ከዚያች ልጅ በኋላ... ስምንት ዓመት።"

በሦስተኛው አልጋ ላይ ስታቃስት የነበረችው ሴት ማቃሰቷን አቋርጣ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። ዕቃ ሊያወርድ የገባው አደም በሩ ላይ ቆሞ ኮርኒሱን መመርመር ጀመረ። ሙሄ ጭንቅላቱ የደላላ ነውና ወዲያው አሰላው። "ሠላሳ ሁለት መርፌ" አለ በዝግታ።

"ሠላሳ አንድ። አንዴ ጎርፍ መንገድ ዘግቶብኝ ቀረሁ።" አሻ ከእሱ ዓይን ሸሽታ ወደ ሪሀና ዞረች። "ይኸው ከየት እንደማውቀው። ጠዋት የኔን መርፌ መስሎኝ ነው አገር ያተራመስኩት። ዛሬ ጠየቅሁ፤ አይደለም። የኔ እንዳይመጣ ነበር፤ ያንቺ የሚመጣው እንዲተነፍስ ነው። ያቺ ልጅ እጄ ላይ ትንፋሽ ስታጣ ይህ መርፌ በአካባቢው አልነበረም። አሁን አለ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ የቀረው ያንቺ ነው።"

"እኔ እኮ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ..." አለ ሙሄ። ድምፁ ከብት ተራ ውስጥ ከሚታወቀው ድምፅ ጋር ምንም አይገናኝም። "ሦስት ዓመት ሙሉ ጥቁር አዝሙድ በማር ጠጥቻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"በየጠዋቱ! በባዶ ሆዴ!"

"አውቃለሁ አባ አንዋር። የምወቅጠው እኔ ነበርኩ።"

ከሦስተኛው አልጋ የሳቅና የምጥ ድብልቅ የሆነ ድምፅ ወጣ። ሙሄ ዱላውን ከወለሉ አነሳ፤ አደምን በበሩ ገፋ አድርጎ ወጣ። ሪሀና ወረቀቱን ለሲስተር ቤተልሄም መለሰችላት። "አልፈርምም። መርፌውን አምጪው።" ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሦስተኛው ተወጋ፤ በማግስቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አራተኛው። ሲወጋት አሻ እጇን ያዘችላት። ከሁለቱ ማን የማንን እጅ አጥብቆ እንደያዘ መለየት ግን ያስቸግር ነበር።

ምጡ ሁለት ቀን ታገሠ። ዓርብ፣ ሰው ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ፣ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ሃምሳ ግራም። ጥርስ የለውም። ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ነው፤ ድምፅ ግን ነው፤ አሻ በሩ ላይ ሆና ስትሰማው እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንድ ቀን ተኩል አፍንጫው ላይ ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎለት ቆየ፤ ከዚያ ያለ ቱቦ መተንፈስ ቻለ። ሲስተር ቤተልሄም የእናቱን ቀሚስ ከፍታ፣ በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ ደረቷ ላይ በጨርቅ አሰረችው፤ እንዲህ ያለቀኑ የመጣ ልጅ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሰው ገላ ነው፣ ቀንም ሌሊትም እንዲህ ነው የሚያዘው አለች። አንዋርም ከሰመራ ከነሽንኩርት ሽታው ደርሶ ተራውን ያዘ።

ሙሄ በእነዚህ ቀናት ሁሉ በየቀኑ ምሳ ያመጣል፤ ሳህኑን በሩ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ከአሻ ጋር አይነጋገርም። ቤት ውስጥ የሚላትን ነገር የሚላት በግድግዳው በኩል ነው፤ "ጨው የለም መሰለኝ በዚህ ቤት" ይላል ወደ ግድግዳው ዞሮ፤ አሻ ጨው ታቀርባለች። ማክሰኞ ግን አንዋር መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ ሪሀና ከስንት ቀን በኋላ ገላዋን ልትታጠብ ፈለገች፤ አሻ ጉንፋን ይዟት ወደ ልጁ አትጠጊ ተብላለች። ሙሄ ሳህኑን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ባለበት ሲስተር ቤተልሄም እጁን ያዘችው።

"አባባ፣ ሸሚዝዎን ያውልቁ።"

"እኔ አልታመምኩም።"

"ልጁን ሊይዙልኝ ነው። እጅዎን ይታጠቡና ይምጡ።"

ሙሄ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። እምቢታውን የሚቀበለው ሰው የለም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ኮቱን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወለቀ፤ ደረቱ በነጭ ፀጉር የተሸፈነ ነው። "ፀጉሩ ልጁን አይኮሰኩሰውም?" አለ በሹክሹክታ። አይኮሰኩሰውም ተባለ። ወንበር ላይ አስደግፈው ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስተኙለት፣ በጨርቅ አሰሩለት። የበሬ ቀንድ ይዞ የሚያስተኛው ሰውዬ እጆቹን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ፊቱ እየቀላ መጣ። ሲስተር ቤተልሄም ቀረብ ብላ አየችውና፣ "አባባ፣ እርስዎም ይተንፍሱ እንጂ!" አለችው። ሙሄ ያመቀውን ትንፋሽ በረጅሙ ለቀቀ፤ ሕፃኑም አብሮት ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ።

አሻ አፏንና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሙሄ ራሱን ሳያዞር ተናገረ።

"ብትጠይቂኝ እምቢ እል ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ያቺን ልጅ አስቤ ነው ሌላ የፈለግሁት። ቦታዋ ባዶ ሆነብኝ።"

"እኔም እሷን አስቤ ነው ያልፈለግሁት" አለች አሻ።

የሕፃኑ እጅ፣ የሙሄን አውራ ጣት እንኳ ዞራ የማትጨርስ እጅ፣ ከደረቱ ፀጉር ጥቂቱን ጨብጣ ይዛለች። "ሌላ የደበቅሽኝ ነገር አለ?" አለ።

አሻ አሰበች። ማሰቧ ረዘም አለ፤ ከሚገባው በላይ ረዘመ። "ብዙ አይደለም" አለች።

ሙሄ ሳቅ አመለጠው። ድምፁን ሊያፍነው ቢሞክር ሳቁ ወደ ሆዱ ወረደና ደረቱን ይንጠው ጀመር። "አባባ! አይሳቁ፣ ልጁ ይረበሻል!" አለች ሲስተር ቤተልሄም ከወዲያኛው አልጋ። ሙሄ ከንፈሩን ነከሰ። ሕፃኑ ግን አልተረበሸም፤ በአያቱ ሳቅ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለና፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ ማን እንደሆነ ሳያረጋግጥ ተመልሶ ተኛ።